ባስተር ኪተንን የጣለው ድምፁ ነበር?

ጥያቄ፦ «ኤዲቲንግ እየተማርኩ ነው። ስለ ድምፅ አልባ ፊልሞች ስንማር "ባስተር ኪተን ባለድምፅ ፊልም ሲመጣ ድምፁ ስላልሆነለት ከገበያ ወጣ" ተባልን። በኋላ አንድ ቃለ መጠይቁን ፈልጌ ሰማሁት። ድምፁ ምንም አይልም! ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ ለምንድን ነው ፈገግ የማይለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮሽን እመኚው። ኪተን የድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ታላቅ አሜሪካዊ ኮሜዲያንና ዳይሬክተር ነው፤ ድምፁ ምንም አልነበረበትም። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ድምፅ ነው። «ድምፁ ገደለው» የሚባለው ነገር ለዚያ ዘመን ተዋንያን በጅምላ የሚነገር ወሬ ነው። ለአንዳንዶቹ ይሠራ ይሆናል፤ ለኪተን ግን ውሃ አያነሳም። እነዚህን ፊልሞች እያየሁና እያስተማርኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሆነበትን ነገር ይሸፍናል። ኪተን የወደቀው በ1928 በፈረመው ውል ነው። ማይክሮፎን ፊት የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከልጅነቱ ልጀምር። የፈገግታው ጥያቄ መልስም እዚያው ነው ያለው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1895 ካንሳስ ውስጥ ፒኳ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ትክክለኛ ስሙ ጆሴፍ ነው። አባቱ ጆ እና እናቱ ማይራ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ቫውዴቪል ይባላል። ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ቀልዱ፣ አክሮባቱ በአንድ ምሽት ተራ በተራ የሚቀርብበት መድረክ ማለት ነው። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አብሯቸው ወጣ፤ «ሦስቱ ኪተኖች» ተባሉ። ጨዋታቸው ቀላል ነበር። ልጅ አባቱን ያስቸግራል፤ አባት ልጁን ብድግ አድርጎ ይወረውረዋል። አንዴ ወደ መጋረጃው፣ አንዴ ወደ ሙዚቀኞቹ። ለመያዝ እንዲመች የልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ለሕፃናት ደህንነት የሚከራከረው ማኅበር ይህን ቤተሰብ ዓመታት ሙሉ ሲከታተለው ኖሯል።

ልጁ እዚያ መድረክ ላይ አንድ ነገር ገባው። ተወርውሮ ሲነሳ እሱ ራሱ ከሳቀ ተመልካቹ አይስቅም። ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ልብሱን አራግፎ ከተነሳ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ስለዚህ መሳቁን ተወ። «ድንጋይ ፊት» የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው። እኔ ግን ይህ ቅጽል ይከፋኛል። ዓይኖቹን እያቸው። ፍርሃቱም፣ ስሌቱም፣ ፍቅሩም እዚያ ነው ያለው። ከንፈሩ ብቻ ነው ዝም ያለው።

ስለ ድምፁ ደግሞ ይህን ልብ በይ። ይህ ሰው ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው መድረክ ላይ ሲናገር፣ ሲዘፍንና ሲቀልድ ነው የኖረው። ያለ ማይክሮፎን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። መናገር የማይችል ሰው እንዲህ አድርጎ እንጀራውን አይበላም።

በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ ሮስኮ አርበክልን አገኘ። አርበክል በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ኮሜዲያን ነበር፤ ለቀረጻ ጋበዘው። ኪተን ስለዚያ ቀን ሲያወራ ከትወናው ይልቅ ካሜራው ይቀድምበታል። ካሜራውን ለምኖ ይዞ ሄዶ ፈታታው፤ ውስጡን አይቶ መልሶ ገጣጠመው። ራሱ ደጋግሞ ያወራው ነገር ነው። በ1918 ለጦርነቱ ፈረንሳይ ዘመተ። እዚያ በጆሮ ሕመም የመስማት አቅሙ በከፊል ተጎድቶ ተመለሰ።

በ1920 ፕሮዲዩሰሩ ጆሴፍ ሼንክ ሆሊውድ ውስጥ ስቱዲዮ ሰጠው። ቀደም ሲል ቻርሊ ቻፕሊን ይሠራበት የነበረ ግቢ ነው። እንግዲህ እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ኋላ ያጣው ይህንን ነውና።

በዚያ ግቢ ውስጥ የተጻፈ ስክሪፕት የሚባል ነገር አልነበረም። ኪተንና ቀልድ የሚያፈልቁለት ጥቂት ሰዎች ቁጭ ብለው የታሪኩን መነሻና መድረሻ ያገኛሉ። መሐሉ በቀረጻ ጊዜ ይመጣል። ሐሳብ ካልመጣላቸው ቤዝቦል ይጫወታሉ። ቀልቡ ሲመለስ ወደ ካሜራው ይመለሳሉ። ፍሬድ ጋቡሪ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ቤት ይፈርስ ብትይው ያፈርሰዋል፣ መርከብ ይስጠም ብትይው ያሰጥመዋል። ኤልጂን ሌስሊ ከካሜራው ጀርባ ነበር። አንድ ነገር ቢበላሽ ስብሰባ አይጠራም፤ እንደገና ይቀረጻል። ፈቃድ የሚጠየቅ አለቃ የቀረጻው ቦታ ላይ የለም።

አንቺ ኤዲቲንግ ስለምትማሪ አንድ ቦታ በደንብ ላሳይሽ። «ሸርሎክ ጁኒየር» የሚባለው የ1924 ፊልሙ ውስጥ ኪተን የሲኒማ ቤት ማሽን ሠራተኛ ነው። እንቅልፍ ይወስደዋል። በሕልሙ ተነስቶ በአዳራሹ መሐል ሄዶ የሚታየው ፊልም ውስጥ ይገባል። ገባ። ወዲያው ፊልሙ ይቆረጥና ትዕይንቱ ይለወጥበታል። አትክልት ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ወንበሩ የለም፤ መሐል መንገድ ላይ መኪና በመኪና ሆኖበታል። በእግሩ ሲሄድ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ወደ ገደሉ ሲያጎነብስ አንበሶች መሐል ነው። ከዚያ በረሃ፤ ከዚያ ባሕር መሐል ያለ ቋጥኝ። ከቋጥኙ ውሃ ውስጥ ለመዝለቅ ይወረወራል፤ በጭንቅላቱ የሚተከለው በረዶ ውስጥ ነው።

ይህን ስታዪ ምን እንደሚጠይቅ አስቢ። የሰውዬው አቋም ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ዝንፍ ማለት የለበትም። ጎንበስ ያለው እዚያው ጎንበስ እንዳለ መገኘት አለበት። ዛሬ በኮምፒውተር ይሠራል። እነሱ ግን የመሬት ቀያሾችን መሣሪያ አምጥተው ከካሜራው እስከ ኪተን ያለውን ርቀት ለክተው፣ ቁመቱንና ቦታውን አመሳክረው ነው የሠሩት። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱ ያንኑ ልክ ይዘው ይሄዳሉ። ቆርጦ መቀጠል ራሱ ቀልድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ያሳየኝ ፊልም የለም።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ከባቡር ጣሪያ የውሃ ታንከር ቱቦ ላይ ይንጠለጠላል። ውሃው ወርዶ ሐዲዱ ላይ ጣለው። ራስ ምታት አመመው፤ ሥራውን ግን ቀጠለ። አንገቱ መሰበሩ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ራጅ አንስቶት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ1926 «ዘ ጄኔራል»ን ሠራ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ስለተሰረቀች ባቡር ነው፤ በ1862 በእርግጥ ከሆነ ታሪክ የተነሳ። ኦሪጎን ውስጥ ኮቴጅ ግሮቭ በምትባል ከተማ ነው የተቀረጸው። የድልድዩ ትዕይንት ላይ የምታያት ባቡር አሻንጉሊት አይደለችም። እውነተኛ የባቡር ሞተር በሚቃጠል ድልድይ ላይ አስነድተው ወንዝ ውስጥ ጣሏት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፤ መድገም የለም። የባቡሯ ቅሪት ከወንዙ የወጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ሲፈለግ ነው። ፊልሙ ወደ 750 ሺህ ዶላር ፈጀ። በዚያን ጊዜ ለኮሜዲ ከባድ ገንዘብ ነው። ጋዜጦቹ አልወደዱለትም፤ አሜሪካ ውስጥም ወጪውን አልመለሰም። ዛሬ ከታላላቅ ፊልሞች ተርታ ነው የሚቆጠረው። በዚያ ዓመት ግን ባለገንዘቦቹ ያዩት ኪሳራውን ነው።

እና አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ኩባንያው «ባስተር ኪተን ፕሮዳክሽንስ» ይባል ነበር። ኪተን ግን በስሙ በተጠራው ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን አልነበረውም። ደመወዝና ከትርፉ ድርሻ ይከፈለው ነበር እንጂ ባለቤት አልነበረም። ቻፕሊን የራሱ ጌታ ነበር። ሌላው የዘመኑ ታዋቂ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድም የራሱ ጌታ ነበር። ኪተን ግን ሼንክን እንደ ዘመድ አምኖ፣ ሒሳቡን ለሌላ ሰው ትቶ ቀልዱን ይሠራል። ሼንክ የኪተን ሚስት የናታሊ ታልማጅ እህት ባል ነበርና ዘመድነቱም እውነት ነው።

ቀጥሎ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» መጣ። በ1927 ሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር ተቀረጸ። ያን ቤት የሚወድቅበትን ትዕይንት አይተሽው ይሆናል። አውሎ ነፋስ ከተማውን ያፈራርሳል። ኪተን ግራ ተጋብቶ አንድ ቤት ፊት ይቆማል። የቤቱ የፊት ግድግዳ ሙሉውን ይነቀልና ላዩ ላይ ይወድቃል። እሱ የተረፈው ላይኛው ፎቅ መስኮት ክፍት ስለነበር ብቻ ነው፤ ክፍተቱ በትክክል እሱ የቆመበት ላይ አረፈ። ተንኮል የለበትም። ግድግዳው ከባድ ነው፤ ቀላል ቢሆን በነፋሱ ይጣመም ነበር። ከትከሻው ግራና ቀኝ የተረፈው ቦታ ጥቂት ኢንች ነው። እግሩን የሚያቆምበት ቦታ መሬት ላይ ምልክት ተደርጎበታል። አንድ እርምጃ ወዲያ ቢል አለቀለት። ከቀረጻ ሠራተኞቹ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበሩ። ስታዪው እሱን ልብ በይው፤ ግድግዳው ሲመጣ ትከሻው እንኳ አይሸማቀቅም።

ሼንክ ስቱዲዮው እንደሚዘጋ የነገረው ያ ፊልም እየተሠራ ሳለ ነው። ኪተን በኋላ ስለዚያ ትዕይንት ሲጠየቅ፣ በዚያ ሰሞን ብዙም ግድ እንዳልነበረው ተናግሯል። እኔ ያን ሾት ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ሼንክ ወንድሙ ኒኮላስ ወደሚመራው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ድርጅት፣ ወደ ኤም ጂ ኤም መራው። ቻፕሊን አትሂድ አለው። ሎይድም አትሂድ አለው። ሁለቱም በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ሥራው የእሱ እንደማይሆን ያውቁ ነበር። አልሰማም፤ በ1928 ፈረመ። ደመወዙ በሳምንት 3,000 ዶላር ነበር። ለዚያ ዘመን ትልቅ ብር ነው።

ኤም ጂ ኤም ክፉ ቤት ነበር ልልሽ አልፈልግም። በጣም የተደራጀ ቤት ነበር። ችግሩም እሱ ነው። ፊልም የሚሠራው በክፍል በክፍል ነው። ስክሪፕቱ በጸሐፊዎች ይጻፋል፣ በጀቱ ይጸድቃል፣ ፕሮዲዩሰር ይፈርማል፣ ከዚያ ተዋናዩ መጥቶ የተጻፈለትን ይጫወታል። ኪተን ደግሞ መሐሉን ባዶ ትቶ የሚጀምር ሰው ነው። አደገኛ ነገር እንዳይሠራም ተከለከለ፤ ውድ ንብረት ነዋ። የቀድሞ ቡድኑ ተበተነ።

መጀመሪያ ታገለ። «ዘ ካሜራማን»ን ለመቅረጽ ኒውዮርክ ሲሄዱ ሰው ለየው፤ መንገዱ በሕዝብ ተዘጋ። ስክሪፕቱም በሰው ብዛት የተጨናነቀ ነበር። ከዚያው ስልክ ደውሎ ኃላፊውን ኧርቪንግ ታልበርግን ለመነ፤ አብዛኛውን ጽሑፍ ትቶ ወደ ሆሊውድ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ፊልሙ ድንቅ ሆነ። ሰው «አሁንማ አመኑት» ይላል። አላመኑትም። በቀጣዩ ቁጥጥሩ ጠበቀ።

የወሬውን ሥር የሚነቅለው ደግሞ ይህ ነው። በ1929 የወጣውን «ስፓይት ማሪጅ» በድምፅ እንሥራው ብሎ የጠየቀው ኪተን ራሱ ነበር። ድርጅቱ ነው ያልፈቀደው፤ ፊልሙ ያለ ንግግር ወጣ። ድምፅን ፈርቶ የሸሸ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሐሳቡም ግልጽ ነበር። ሌሎቹ ያውሩ፤ እኔ ማውራት ሲኖርብኝ ብቻ አወራለሁ፤ በተረፈው ሥራዬን እሠራለሁ ነበር የሚለው። ዛሬ ማንም ጥሩ ዳይሬክተር የሚያደርገው ነው።

በ1930 በዋና ተዋናይነት የተናገረበት የመጀመሪያው ፊልሙ ወጣ፤ «ፍሪ ኤንድ ኢዚ»። ሥራው ምን ሆነ መሰለሽ? በቃላት ጨዋታ የተሞላ ጽሑፍ ይሰጡታል፤ እየተደናበረ ያነበንባል። ድሮ የኪተን ገፀ ባህርይ ችግር ሲገጥመው ያስባል፤ ዘዴ ይፈጥራል። ብልህ ነበር። አሁን «ኤልመር» የሚባል ሞኝ አደረጉት። ሰው የሚያታልለው፣ የሚታዘንለት ሞኝ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ፊቱን እንደ ሰርከስ ቀልደኛ ቀብተው ያስጨፍሩታል። እሱን ክፍል ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

የሚገርመው ግን እነዚህ ፊልሞች አተረፉ። ከድሮዎቹ ድንቅ ሥራዎቹ የበለጠ ገንዘብ አስገቡ። ለሌላ አገር ገበያ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ቃላት በቃሉ እያጠና ያንኑ ፊልም ደግሞ ይሠራ ነበር። ድምፁ ገበያ ቢያጠፋ ኖሮ ይህን ሁሉ አያሠሩትም ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ መንገዱ ትክክል እንደሆነ ደመደመ። ኪተን «ይህ አይሠራም» ሲል ደረሰኙን ያሳዩታል። ምን ይበል?

ከዚያ የሆነው ቶሎ ነው የሆነው። መጠጥ ያዘው። በ1932 ናታሊ ፈታችው፤ የሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን የቤተሰብ ስም ከኪተን ወደ ታልማጅ ለወጠችው። ቤቱ ቀረ። ከጂሚ ዱራንቴ ጋር አጣምረው ያሠሩት ገቡ። ዱራንቴ በአፉ የሚያስቅ ሰው ነው፤ ያወራል፣ ያወራል፣ ኪተን አጠገቡ ይቆማል። በ1933 የኤም ጂ ኤም አለቃ ሉዊስ ቢ ሜየር አባረረው። ዕድሜው ገና ሠላሳ ሰባት ነበር።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ጋ ይዘጋዋል። ልክ አይደለም። ኪተን ከዚህ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ሠርቷልም። በትንሽ በጀት አጫጭር ኮሜዲዎችን ሠራ። ከዚያ ያው ያባረረው ኤም ጂ ኤም ቀልድ አፍላቂ አድርጎ በሳምንት 100 ዶላር ቀጠረው። ለእነ ኮሜዲያን ሬድ ስኬልተን ቀልድ ይሰጣል፤ ስሙ ግን አይወጣም። በ1940 ኤሊኖር ኖሪስ የምትባል ወጣት ዳንሰኛ አገባ። በዕድሜ በብዙ ታንሰው ነበርና ሰው ይህ ትዳር አይበረክትም አለ። እስኪሞት አብራው ነበረች። ስለ እሷ ብዙ አይጻፍም፤ እኔ ግን ያን ሰው ያተረፈችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

በ1949 ጸሐፊው ጄምስ ኤጂ «ላይፍ» መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። አዲሱ ትውልድ ኪተንን እንደገና አወቀው። ቴሌቭዥን ላይ ወጣ። ፓሪስ ሰርከስ ውስጥ ሠራ። በ1952 ቻፕሊን ራሱ «ላይምላይት» ላይ አብሮት እንዲጫወት ጠራው። የጠፉ የተባሉ ፊልሞቹ አንዳንዶቹ የድሮ ቤቱ ውስጥ ተገኙ፤ ቤቱን የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን ነው ያገኛቸው። በ1960 የክብር ኦስካር ተሰጠው። በ1965 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ታዳሚ ቆሞ አጨበጨበለት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በሳንባ ካንሰር አረፈ፤ ሰባ ዓመቱ ነበር።

ማስረጃ ስጠኝ ካልሽኝ አንድ የመጨረሻ ነገር ላሳይሽ። በ1964 መጸው የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ «ዘ ሬይልሮደር» የሚባል አጭር ፊልም አሠራው። በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ሞተር ተቀምጦ ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ንግግር የለበትም። ቀረጻው ራሱ በሌላ ቡድን ዶክመንተሪ ተደርጎ ስለተነሳ ቀረጻው ቦታ ላይ የሆነውን በዓይንሽ ታያለሽ። ከፍ ያለ የባቡር ድልድይ አለ። ኪተን ትልቅ ካርታ ዘርግቶ፣ ካርታው ተጠቅልሎበት ምንም ሳያይ ድልድዩን እንዲሻገር ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ ጄራልድ ፖተርተን ስለ ደህንነቱ ሰጋ፤ ቀለል ያለ ነገር አስቦ ነበር። ሽማግሌው ተቆጣ። ስለ ከፍታው አልነበረም ክርክሩ፤ ድልድዩ ራሱ ምን ያስቃል፣ ቀልዱ ካርታው ነው እያለ ነው የሚሞግተው። በኋላ እሱ እንዳለው ተቀረጸ። ልክ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከምን ልጀምር ካልሽ፣ «ሸርሎክ ጁኒየር»ን እዪ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልሞቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ነገ «ዘ ካሜራማን»ንና «ፍሪ ኤንድ ኢዚ»ን አከታትለሽ እዪያቸው። በሁለቱ መሐል ያለው ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛውን ስታዪ ድምፁን አጥፊውና እጆቹን ተከታተያቸው። የሚይዙት ነገር አጥተው ሲንከራተቱ ታያለሽ።